ወይራ ነው ወይስ ክትክታ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሰኔ ላይ ከዘመድ ማሳ ዳር ግንዱ የእጅ አንጓ የሚያህል ዛፍ ከነጥቁር አፈሩ አምጥቼ ባልዲ ውስጥ ተክያለሁ። ቦንሳይ (በትንሽ ዕቃ ውስጥ አጥሮ የሚያድግ ዛፍ) ላደርገው ነው። አንዱ ወይራ ነው ይለኛል፣ ሌላው ክትክታ። ጥቅምት ከገባ ወዲህ በየቀኑ ባጠጣውም ቅጠሉ ይረግፋል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከላኩልን ቅርንጫፍ እንዳየነው ወይራ ነው። ቅጠሉን ገልብጠው ይዩት፤ ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ጀርባው ወርቅማ ቡናማ ነው፣ ጫፉም ቆልመም ይላል። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ይወጣሉ። የክትክታ ቅጠል ግን ተፈራርቆ ነው የሚወጣው፤ ለጋውን በጣት ሲያሹት ያጣብቃል፣ ጀርባውም ያው አረንጓዴ ነው።

ሞቷል ብለው እንዳይጥሉት። ልጡን በጥፍር ፋቅ ያድርጉ፤ ከልጡ በታች አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ዛፉ አለ። ወይራ ቅጠሉን ቢያራግፍም ከግንዱ ያቆጠቁጣል።

ጥፋቱ የአፈሩ ይመስለናል። ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ቋጥሮ ሥር ያፍናል፤ በበጋ ደግሞ ሲደርቅ ይኮማተርና ከባልዲው ግድግዳ ይላቀቃል። ክፍተቱ ጣት የሚያስገባ ከሆነ፣ የሚያጠጡት ውሃ በጎን ወርዶ ይፈሳል እንጂ መሃሉን አያርሰውም። የባልዲው ቂጥ ካልተበሳ ዛሬውኑ ይብሱት። ከዚያ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ነክረው ያንጠፍጥፉት። ከዚህ በኋላ ቀን ቆጥረው አያጠጡ፤ ቀጭን እንጨት 5 ሴንቲሜትር ያህል ሰክተው ሲያወጡት ደርቆ ከወጣ ብቻ ያጠጡ። ሥሩ ጠቁሮና ለስልሶ የሚሸት ከሆነ ግን መንከሩ ይቅር፤ አውጥተው የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ድረስ በንጹሕ መቀስ ይቁረጡና ወዲያው አፈሩን ይለውጡ።

ሥሩ ጤነኛ ከሆነ አፈር መለወጡ መጋቢት ይደርሳል። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ ጠጠር በወንፊት ነፍተው ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ያለውን ይያዙ፤ ዱቄቱ የአየር ቀዳዳውን ስለሚደፍን ይጣላል። ሦስት እጅ ጠጠር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ይቀላቅሉ። ከአሮጌው አፈር ግማሹን ብቻ ያራግፉ፤ ሌላውን ግማሽ ዛፉ በርትቶ ሲያድግ፣ ከዓመት በኋላ። ግንዱን ከዕቃው ጋር በሽቦ ጠፍረው ይሰሩት፤ ነፋስ ካወዛወዘው አዲሶቹ ቀጫጭን ሥሮች ይበጠሳሉ።

ቅርጽ ለማስያዝ አይቸኩሉ። ዘንድሮ ሽቦ መጠምጠምም ቅርንጫፍ መቁረጥም ይቅር፤ ዛፉ ሥር ለማብቀል እያንዳንዱ ቅጠል ያስፈልገዋል። ማዳበሪያም አዲሱ ቡቃያ ጠንከር እስኪል ይቆይ። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበት የበረንዳው ጥግ ይበቃዋል።