የዓድዋን ጦርነት በጠረጴዛ ላይ ማጫወት

ጥያቄ፦ በፔንስልቬንያ በሚካሄደው ሂስቶሪኮን በተባለው የታሪካዊ ጦርነት ጨዋታዎች ጉባኤ ላይ የዓድዋን ጦርነት በትንንሽ የወታደር ቅርጾች ለማጫወት አስቤያለሁ። ጊዜው 4 ሰዓት፣ ተጫዋቾቹ 6 ናቸው። የእኛ ሠራዊት በቁጥር እጅግ ስለሚበልጥ፣ በጣሊያን ወገን የሚሰለፉት ገና ከጅምሩ ተስፋ እንዳይቆርጡ ምን ላድርግ? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ቁጥሩን ለማመጣጠን ብለው ታሪኩን አይንኩ፤ መስተካከል ያለበት የድሉ መመዘኛ ነው። የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ያሰለፈው 17,700 ያህል ሰውና 56 መድፍ ሲሆን፣ የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ወደ 100,000 እንደሚደርስ ይገመታል። መድፎቹ በሙሉ ስለተማረኩ፣ ጥቂቱን እንኳ ከጠረጴዛው ጠርዝ አሳልፎ ያስመለጠ ተጫዋች ከባራቲየሪ በልጧልና ነጥብ ይገባዋል። ራስ መኮንንን፣ ራስ ሚካኤልንና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን የሚወክሉት ደግሞ በምርኮ ብዛት እርስ በርሳቸው ይፎካከሩ።

ጣሊያኖች ከውጊያው በፊት ያደረጉትን የሌሊት ጉዞ አያጫውቱ። ኪዳነ ምሕረት የተባለው ኮረብታ በጣሊያኖች ንድፍ ካርታ ላይ ያለቦታው ምልክት ስለተደረገበት የጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ ተነጥሎ እጅግ ወደፊት እንደሄደ ታሪኩን ያነበበ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ ማንም ተጫዋች ያንን ስሕተት አይደግመውም። ስለዚህ ብርጌዱን እዚያው አስቀምጠው ከንጋት ይጀምሩ፤ ሌላው የጣሊያን ጄኔራል ዳቦርሚዳ መንገድ ስቶ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ መግባቱን ግን ዳይስ ይወስነው።

አንድ ቅርጽ 100 ሰው ቢወክል ለኢትዮጵያ ወገን ብቻ 1,000 ቅርጽ መቀባት ሊኖርብዎ ነው፤ ይህ ዓመት ይፈጃል። ባለ 15 ሚሊ ሜትር 300 ያህል ቅርጽ አዘጋጅተው፣ የተበተነውን ክፍል አዲስ እንደ ደረሰ ጦር ከኋላ ቢመልሱት ይበቃል፤ ያ የማያቋርጥ ማዕበልም ለጣሊያኖቹ ተገቢውን ጭንቀት ይፈጥራል። በገበያ ላይ ጦርና ጋሻ ብቻ የያዙ ቅርጾች ከገጠሙዎ በብዛት አይግዙ፤ በ1888 ዓ.ም. አብዛኛው ዘማች ጠመንጃ ነበረው። ሸማውን በቀላል ቡናማ ጀምረው እጥፋቱ ላይ ብቻ ነጭ ያሳርፉበት፤ የጃኖውን ቀይ ጥለት በቀጭን ብሩሽ አንዴ ቢስቡት ከሩቅ ይታያል።

ተራሮቹን ከፎም ሲሠሩ ቁልቁለቱን በእርከን ይቁረጡት፤ አለዚያ ቅርጾቹ ይንሸራተታሉ። የጠረጴዛው ስፋት ከ1.5 ሜትር አይብለጥ፤ መሐሉ ላይ እጅ አይደርስምና። ደንቡ በአንድ ገጽ ይጠቃለል፣ ማብራሪያውም ከሩብ ሰዓት አይለፍ። የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ለነጥብ ቆጠራና ዕቃ ለመሰብሰብ ያስቀሩ፤ ቀጣዩ አዘጋጅ ጠረጴዛውን በሰዓቱ ይረከባል።