የመርሳት በሽታ ዓይነት በፈተናና በኤምአርአይ እንዴት ይለያል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄው ክፍት ነው፤ ስለ ማስታወስ ፈተናዎች፣ ስለ ሲቲ ስካንና ስለ ኤምአርአይ የመጣውን በተራ እመልሳለሁ።

ጥ፦ እናቴ 72 ዓመቷ ነው፣ ትምህርት ቤት አልገባችም። ኤምኤምኤስኢ በሚባለው ፈተና ከ30 19 አገኘች። አልዛይመር ነው?

መ፦ ከነጥቡ ብቻ አይባልም። ማንበብ፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ ሥዕል መገልበጥና ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ መሄድ ብቻቸውን 8 ነጥብ ይይዛሉ፤ ያልተማረ ጤነኛ ሰውም እዚያ ላይ ይጥላል። ለእሳቸው ሩዳስ የሚባለው ይሻላል። ማንበብና መጻፍ አይጠይቅም፣ የሚታረመው ከ30 ነው፣ 22ና ከዚያ በታች ሲመጣ ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል። እሱም ቢሆን ኩብ ያስገለብጣል፤ እርሳስ ይዞ የማያውቅ እጅ ይቸገራል። ስለዚህ ቤተሰብ የሚለው ከነጥቡ እኩል ይመዘን። አምና ይሠሩት ከነበረው ዘንድሮ ምን ተዉ? ቡናውን ቆልተው ሳይወቅጡ ጀበና ይጥዳሉ? የሱቅ መልስ ይቆጥራሉ?

ጥ፦ አባቴ «11 ሰዓት ከ10ን ይሣሉ» ተብሎ አጭሩን ቆጣሪ 5 ላይ አደረገ። ስህተት ተባለ።

መ፦ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚሞላ ሰው ትክክል ነው፤ መርማሪው አስቀድሞ መጠየቅ ነበረበት። ረጅሙ ቆጣሪ ግን በሁለቱም አቆጣጠር 2 ላይ ነው መሆን ያለበት። ፈተናው የሚያጠምደውም እዚህ ጋ ነው፦ «አሥር» ሲባል ሰምቶ 10 ቁጥር ላይ የሚያደርግ ሰው የሰማውን ቁጥር ችላ ማለት አቅቶታል፤ የግንባር በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ሲደክም የሚታይ ነው። በእንግሊዝኛው በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት ማስቆጠሩም እንደዚሁ ያስቸግራል። በ«ፈ» ሲባል ፉና ፊም ይቆጠራሉ? አንዱ መርማሪ ከቆጠረ፣ ሌላው ካልቆጠረ ነጥቡ አይነጻጸርም። በአንድ ደቂቃ የእንስሳት ስም ማስጠራት ይሻላል።

ጥ፦ አጎቴ ፒያሳ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ሰሞኑን እዚያው ፒያሳ መንገድ ጠፋበት።

መ፦ በ2016 ፒያሳ ስንት ቤት ፈርሶ መንገዱ ተለውጧል፤ እዚያ ግራ መጋባት ለማናችንም አይቀርም። ባልተለወጠ ቦታ ይዩዋቸው፦ ከመኝታ ቤት ወደ ሽንት ቤት፣ ከቤት ወደሚሳለሙት ቤተ ክርስቲያን። እዚያ ከጠፉ ያሳስባል። ወረዳቸውን ተጠይቀው የድሮውን ቀበሌ ቢጠሩ ግን እኔ ነጥብ አልቀንስባቸውም።

ጥ፦ የኤምአርአዩ ሪፖርት «ከዕድሜ ጋር የሚሄድ የአንጎል መሟሸሽ» ብቻ ይላል።

መ፦ ማዘዣው ላይ «ራስ ምታት» ተብሎ ከተጻፈ መልሱም እንዲሁ ድፍን ይሆናል። «የማስታወስ ችግር፣ ሂፖካምፐስ ይታይልን» ተብሎ ይጻፍ። እሱ አዲስ ነገር የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል ነው፤ ጎልቶ የሚታየው ቀጠን ባለ የቲ1 ኮሮናል ምስል፣ ማለትም አንጎልን ከፊት ለፊት አቅጣጫ በስሱ እየቆረጠ በሚያሳይ የኤምአርአይ ምስል ነው፤ መሟሸሹ ከ0 እስከ 4 ይመዘናል። ከ75 ዓመት በታች 2፣ ከዚያ በላይ 3 ሲደርስ በዕድሜ ብቻ አይሳበብም። በዚህ ላይ የተነገሯቸውን ቃላት ፍንጭ ተሰጥቷቸውም ካላስታወሱ ወደ አልዛይመር ያጋድላል። በፍንጭ የሚያስታውሱ፣ ግን ሐሳባቸው የተጎተተና ፍሌር በሚባለው የኤምአርአይ ምስል ላይ ሰፋፊ ነጫጭ ምልክት ያለባቸው ከሆነ የደም ሥር ችግር ይጠረጠራል፤ ግፊትና ስኳር ወዲያው ይታይ። ማስታወሳቸው ደህና ሆኖ ጠባያቸው ከተለወጠ ዓይን የሚጣለው ግንባርና የጆሮ ግንድ በኩል ባለው ክፍል ላይ ነው። ሌዊ ቦዲ በሚባለው ሌላው የመርሳት በሽታ ዓይነት ሂፖካምፐስ ብዙ ጊዜ ደህና ይመስላል፤ የሌለ ሰው ማየት፣ አንድ ቀን ንቁ አንድ ቀን ፍዝዝ ማለትና በእንቅልፍ ልብ መራገጥ ከምስሉ የበለጠ ይናገራሉ።

ጥ፦ ገንዘባችን ለሲቲ ብቻ ነው የሚበቃው።

መ፦ ያሠሩት። ከአንጎል ሽፋን ሥር የፈሰሰ ደም፣ ዕጢ፣ የውሃ መጠራቀም በሲቲ ይታያሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን ቢ12፣ ታይሮይድ፣ ኤችአይቪና ቂጥኝ በደም ይታዩ፤ የሚወስዱት መድኃኒት ዝርዝርም ይቅረብ። ለድብርትና ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ብቻውን ነጥብ ያወርዳል።

ጥ፦ ማሽኑ ውስጥ አርፈው አይተኙም።

መ፦ አስቀድመው ሽንት ቤት ይሂዱ፣ ጆሯቸው ይደፈን፣ ዋናዎቹ ምስሎች መጀመሪያ ይነሡ። ሲነቃነቁ ምስሉ ስለሚደበዝዝ ሂፖካምፐሱ ሳይሟሽሽ የሟሸሸ ሊመስል ይችላል። ሌዊ ቦዲ ከተጠረጠረ ለማረጋጋት ተብሎ ሃሎፔሪዶል የሚባለው መድኃኒት በፍጹም አይሰጥ፤ ሰውነታቸው ሊገትር ይችላል። ማረጋጊያ በወሰዱበት ቀን የማስታወስ ፈተና አይሠራም።

ጥ፦ ፈተናውን በየወሩ ብናሠራላቸውስ?

መ፦ ጥያቄውን ይለምዱትና ነጥቡ ያለ አግባብ ይወጣል። በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ፣ ሞካ የሚባለው የማስታወስ ፈተና ከሆነ ተለዋጭ ቅጂውን ይጠቀሙ፤ መነጽራቸውንና የመስሚያ መሣሪያቸውን ሳይረሱ።