ዋንጫ ለሁሉም ልጅ ይሰጥ? ለወጣት አሰልጣኞች

ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ሜሪላንድ የኛን ልጆች ኳስ የምታሰለጥኑ ወጣቶች፣ ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ሁሌ አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ። «ጋሼ፣ ለሁሉም ልጅ ዋንጫ እንስጥ ወይስ ላሸነፉት ብቻ?» ዕድሜዬን በስፖርት መምህርነት ነው የጨረስኩት፤ ሳልጠየቅም እናገራለሁ፣ ስጠየቅማ አልተውም። ለትንንሾቹ ለሁሉም ስጡ። 12 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ግን ተዉት።

በ2015 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማወራው) የፒትስበርግ ስቲለርሱ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ጄምስ ሃሪሰን ለሁለት ልጆቹ የተሰጠውን የተሳትፎ ዋንጫ እመልሳለሁ ብሎ ኢንስታግራም ላይ ጻፈና ትልቅ ክርክር ተነሳ። ልጆቹ ያኔ የ8 እና የ6 ዓመት ነበሩ። የኛም ሰው አብዛኛው ከሃሪሰን ጋር ነው። «እኛ ማን ዋንጫ ሰጥቶን አደግን?» ይላል። እውነት ነው፣ ማንም አልሰጠንም። የተሰጠን ደረጃ ነው። ከስልሳ ልጅ አርባኛ የወጣው ምን እንደቻለና ምን እንደቀረው የሚነግረው ሳይኖር ካርዱን ይዞ ቤቱ ይገባና ዱላውን ይቀምሳል። ይሄ ነው እንግዲህ የምንመካበት አስተዳደግ።

ኖርዌይን እዩ። እዚያ የልጆች ስፖርት የራሱ ደንብ አለው። ልጆቹ 11 ዓመት እስኪሆናቸው የውጤት ዝርዝርና የደረጃ ሰንጠረዥ አይወጣም፤ ሽልማት ካለ ደግሞ እስከ 12 ዓመት ድረስ ለሁሉም ነው። ሰነፍ አፈሩ? በ2018 የክረምት ኦሎምፒክ በ39 ሜዳሊያ አንደኛ ወጡ፣ በ2022 ደግሞ በ16 ወርቅ ደገሙት። በኛው በ5000 ሜትር ሳይቀር፣ ፓሪስ ላይ ወርቁን የወሰደው ጃኮብ ኢንገብሪግትሰን የዚያው አገር ልጅ ነው። ሁሉን ያደረገው ደንቡ ነው አልልም፤ ገንዘብም በረዶም ሞልቷቸዋል። ቢያንስ ግን ለሁሉም መሸለሙ አላሰነፋቸውም።

ታዲያ ለምን 12 ላይ አቁሙ እላለሁ? የ6 ዓመት ልጅ ኳሱን ትቶ ቢራቢሮ ያባርራል፣ ለሱ ሜዳሊያው «ከነሱ ጋር ነበርኩ» ማለት ነው፣ በቃ። የ13 ዓመቱ ግን ማን እንደሚበልጠው ከእናንተ በፊት ያውቃል። ዝናብ ሳይል ልምምድ የመጣውና ግማሹን የቀረው አንድ ዓይነት ዋንጫ ሲቀበሉ ሁለቱም ውሸት መሆኑ ይገባቸዋል፣ የሚናደደው ደግሞ የለፋው ነው።

ለሁሉም መስጠት በራሱ ነውር የለውም። ከ2001 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ የጨረሰ ሁሉ ሜዳሊያ ያጠልቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ማንም አይስቅበትም። አስር ኪሎ ሜትሩን በእግሩ ጨርሶታላ! ሜዳሊያው የሆነውን ነው የሚናገረው።

ከዕቃው ይልቅ ስትሰጡ የምትሉት ነገር ያሳስበኛል። በ1998 የወጣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ የካሮል ድዌክና የባልደረባዋ ጥናት አለ፤ «ብልህ ነህ» የተባሉ ልጆች ፈተናው ሲከብድ ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፣ «ጠንክረህ ሰርተሃል» የተባሉት ግን የበለጠ ታገሉ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ደብተር ያዙ። በግራ እግሩ መምታት የጀመረውን፣ ተጠባባቂ ሆኖም ጓደኞቹን ሲያበረታታ የዋለውን፣ በረኛ መሆን ስትፈራ ቆይታ አሁን «እኔ ልግባ» የምትለዋን ጻፉ። በመጨረሻው ቀን ለእያንዳንዳቸው ያንን በስማቸው ጠርታችሁ ንገሯቸው፣ ወላጆቻቸው እየሰሙ። ለታዳጊዎቹ ዋንጫው ላሸነፈው ቡድን ይሁን፣ የደብተሩ ነገር ግን ለእነሱም አይቅር።

«የኔ ልጅ ለምን ቀረ?» ብሎ የሚያኮርፍ አባት አይጠፋም። እሱን ወደ እኔ ላኩት፣ ቡና ጋብዤ አስረዳዋለሁ።