መልስ፦ ጄምስ ዊከርሻም ዳኛ ነበር ወይስ ፖለቲከኛ?

ሰላም ወንድሜ። የአላስካው ዊከርሻም ዳኛ ነው ወይስ ፖለቲከኛ ብለህ ለጠየቅከው፣ ሁለቱንም ነበር። ለእኔ ግን ትልቁ ሥራው ዳኝነቱ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1857 ኢሊኖይ ተወለደ፤ በዋሽንግተን ግዛት ታኮማ ከተማ ውስጥ ጠበቃ ሆኖ ሠራ። በ1900 ፕሬዚዳንት ማኪንሊ ዳኛ አድርገው አላስካ ላኩት። የተሰጠው ግዛት 300 ሺህ ካሬ ማይል ገደማ ነበር። ኢግል የምትባለው ከተማ ሲደርስ የፍርድ ቤት ሕንፃ እንኳ የለም። ምን አደረገ? ከመጠጥ ቤቶች የፈቃድ ክፍያ ሰብስቦ በዚያው ገንዘብ ፍርድ ቤትና እስር ቤት አሠራ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ መንሸራተቻ፣ በረዶ የሆነውን የዩኮን ወንዝ ተከትሎ ራምፓርት የምትባለው ከተማ ድረስ ሄዶ ችሎት ተቀምጧል። ፍትሕን ደጅ ድረስ ማድረስ ማለት ይሄ ነው!

በ1901 ወርቅ ወደሚቆፈርባት የአላስካ ከተማ ወደ ኖም ተላከ። እዚያ የነበረው ዳኛ ኖይስ የወርቅ ቆፋሪዎችን ይዞታ ከሚዘርፉ ሰዎች ጋር በመመሳጠሩ ሕዝቡ በችሎቱ ላይ እምነት አጥቶ ነበር። የተወዘፈውን መዝገብ ማጥራት የዊከርሻም ዕዳ ሆነ።

በኋላ ድምፅ የማይሰጥ የአላስካ ተወካይ ሆኖ የአሜሪካ ኮንግረስ ገባ። አላስካ በ1912 የራሷን ምክር ቤት እንድታገኝ ታግሏል። በ1916ም እንደ ሌሎቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ትሁን የሚለውን የመጀመሪያ ረቂቅ አቀረበ።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። በ1915 ፌርባንክስ ከተማ ላይ ለታናና አለቆች (የአካባቢው ነባር ሕዝብ መሪዎች) ባቡርና ሰፋሪ እንደሚመጣባቸው ነግሮ፣ ወይ የተከለለ መሬት ወይ የግል ይዞታ ምረጡ አላቸው። እነሱ የፈለጉት እንደ ልባቸው እየተንቀሳቀሱ ማደንና ማጥመድ ነበር።