መልስ፦ ያለቀውን ሳንቲም ልጠበው ወይስ እንዳለ ልተወው?
ወንድሜ በፈጠረህ እንዳታጥበው! ያ ቡኒ ነገር ቆሻሻ ብቻ አይደለም፣ ብረቱ በዕድሜ ያመጣው ቀለም ነው፣ በብሩሽ ስትፈትገው እሱ ይነሳና ጭረት ይተካል፣ ሳንቲም ሰብሳቢ ደግሞ ወዲያው ነው የሚነቃው (እኔ ጀማሪ እያለሁ በሎሚ አሽቼ ያበላሸኋት የመዳብ ሳንቲም እስካሁን ታናድደኛለች)። የይዞታው ደረጃ ስንት ነው ላልከው፣ መብራቱን ከጎን አድርግና ሳንቲሙን ቀስ እያልክ አዘንብለው፣ ቀድሞ የሚያልቀው ከፍ ያለው ቦታ ነው፣ ሳንቲሙ ላይ ያለው ሰው ጉንጩ፣ ከጆሮው በላይ ያለው ፀጉር። የፀጉሩ መስመሮች ከታዩህ አሪፍ ነው። ጠፍጥፎ የፊቱ ቅርፅ ብቻ ከቀረ ግን ሰብሳቢዎች የሳንቲምን ይዞታ በሚለኩበት፣ ከ1 (በጣም ያለቀ) እስከ 70 (እንከን የሌለው) በሚሄደው የሼልደን መለኪያ 4 አካባቢ በለው፣ ጠርዙ አልቆ ፊደሎቹን መብላት ከጀመረ ደግሞ 3። ዓመቱ ይነበባል ለመሆኑ? ፎቶ ልቀቅና እንየው።