በውኃ አልሟሟ ያለው ፎርስኮሊን

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በሐዋሳ የባዮቴክኖሎጂ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በሴሎች ላይ ለምሠራው የመመረቂያ ጥናቴ ከመጡልኝ ሁለት ባለ 10 ሚሊ ግራም የፎርስኮሊን (ከተክል የሚገኝ ውህድ) ዱቄት ብልቃጦች አንዱን በተጣራ ውኃ ብበጠብጠው ደፈረሰ እንጂ አልሟሟም። ተበላሽቶ ይሆን? ፎርስኮሊን የሚገኝበት ተክል በአገራችንም ይበቅላል ሲባል ሰምቻለሁና ቅጠሉን ጨምቄ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ዱቄቱ አልተበላሸም፤ ከውኃ ጋር አለመስማማት ጠባዩ ነው። ፎርስኮሊን ዳይተርፔኖይድ ከሚባሉት፣ ተክሎች በሃያ የካርቦን አተሞች አጽም ላይ ከሚገነቧቸው ውህዶች አንዱ ነው (በላዩ የተቀጠለው አሴቲል የተባለ ባለ ሁለት ካርቦን ክፍል የካርቦኑን ቁጥር 22 ያደርሰዋል)። የደፈረሰው ብልቃጥ መጠኑ ስለማይታመን ለሙከራ አይጠቀሙበት። ሁለተኛውን ግን ዲሜቲል ሰልፎክሳይድ በተባለው አሟሚ ፈሳሽ ያሟሙት፤ የሞለኪውል ክብደቱ 410.5 በመሆኑ 10 ሚሊ ግራሙ በ2.44 ሚሊ ሊትር ሲሟሟ ክምችቱ 10 ሚሊ ሞላር ይሆናል። ይህንኑ በሴል ማሳደጊያው ፈሳሽ ሺህ እጥፍ ሲያቀጥኑት ብዙ ተመራማሪዎች የሚሠሩበትን 10 ማይክሮ ሞላር ያገኛሉ። የቀረውን በትንንሽ ቱቦዎች ከፋፍለው በፍሪዘር ያስቀምጡት።

ከማሟሟቱ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ማነጻጸሪያው፣ ማለትም ውጤቱ የሚመዘንበት ፎርስኮሊን ያልወሰደ ናሙና ነው። ፎርስኮሊን የሚፈለገው አደኒሊል ሳይክሌዝ የተባለውን ኢንዛይም፣ ሆርሞን ከሴሉ ተቀባይ ጋር እስኪገናኝ ሳይጠብቅ በቀጥታ አነቃቅቶ በሴሉ ውስጥ መልእክት አስተላላፊውን ሞለኪውል ሳይክሊክ ኤኤምፒን ስለሚያበዛ ነው። ሆኖም ግሉኮስ አስተላላፊ ፕሮቲኖችንና አንዳንድ የአዮን መተላለፊያዎችን ከዚህ መንገድ ውጭም ስለሚነካ፣ የታየው ለውጥ ሁሉ የሳይክሊክ ኤኤምፒ ሥራ ነው ብሎ መደምደም ያሳስታል። ስለዚህ አንድ የሴል ናሙና አሟሚውን ብቻ በዚያው በ0.1 በመቶ መጠን፣ ሌላው ደግሞ ኢንዛይሙን የማያነቃቃውን የቅርብ ዘመዱን 1,9-ዳይዲኦክሲፎርስኮሊንን ይውሰድ። በጀት ቢያጥር እንኳ የመጀመሪያው ፈጽሞ አይቀርም።

ስለ ቅጠሉ፦ ኮሊየስ የሚባለው ይህ ተክል ከሕንድ ሌላ ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካም ይበቅላል። የውህዱም ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1763 በየመን ከሞተው የዕፅዋት ተመራማሪ ከፒተር ፎርስኮል ነው። ይሁን እንጂ ፎርስኮሊን በብዛት የሚገኘው በሥሩ ነው፤ የቅጠሉ ጭማቂም የብዙ ውህዶች ድብልቅ በመሆኑ ሴሉ ቢለወጥ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ መለየት አይችሉም። ለተጀመረው ጥናት የተጣራውን ዱቄት ይያዙ፤ ተክሉን ማጥናት ከወደዱም ፎርስኮሊኑን ከሥሩ በኤታኖል አውጥቶ መጠኑን ውህዶችን በሚለየው በክሮማቶግራፊ ዘዴ መለካት ራሱን የቻለ ሌላ የመመረቂያ ርዕስ ይወጣዋል።