ሎክ ሳታደርጉ ጭቃ ውስጥ አትግቡ

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጣና ዳር በእግሬ ስሄድ ሠርግ አጋጠመኝ። አምስት ነጭ ቪ8 ላንድክሩዘር በአበባ ተሸልመው ተደርድረዋል። ሚዜዎቹ ተራ በተራ በሩን ከፍተው፣ አንድ እግራቸውን መርገጫው ላይ አድርገው ፎቶ ይነሣሉ። አንደኛው ልጅ ቆሜ ሳይ አየኝና «ጋሼ፣ መኪናውን ወደዱት?» አለኝ። «በጣም» አልኩት። እውነቴን ነው። ለምን እንደምወደው ለመንገር ግን ጊዜው አልነበረም። ሠርግ ነው፣ ሙዚቃው ይጮኻል። ቤቴ ገብቼ ልጻፈው አልኩ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት መኪና ስጠግን ኖሬአለሁ። የተማርኩት እዚሁ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ነው፣ አግሮ መካኒክስ። ትምህርት ቤቱ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ትብብር የተከፈተ ነው። ከዚያ ወጥቼ በጣና ዙሪያ በሚሠራ አንድ ፕሮጀክት ጋራዥ ተቀጠርኩ። የፎገራን፣ የደራን፣ የደምቢያንና የሜጫን መንገድ የማውቀው በጀርባዬ ተኝቼ፣ ከሻንሲ፣ ከመኪናው ዋና የብረት አጥንት፣ ሥር ሆኜ ነው። መኪና ከመስክ ሲመለስ ሥሩ ላይ የተጋገረው ጭቃ የት እንደዋለ ይነግረኝ ነበር። የሜጫ ቀይ አፈር በውሃ ቶሎ ይለቃል። የፎገራ መረሬ ግን ከደረቀ በመሮ ነው የሚነሣው።

እኔ ልጅ ሳለሁ ዳገት የሚወጣ መኪና ሁሉ «ላንድሮቨር» ይባል ነበር። ላንድሮቨር እንግሊዞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ብረት በራሽን በነበረበት ጊዜ፣ ገላውን በአሉሚኒየም ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ያሳዩት መኪና ነው። አከብረዋለሁ። ዕድሜዬን የሰጠሁት ግን እሱን ተከትሎ ለመጣው ነው፤ ለላንድክሩዘር።

የላንድክሩዘር አወላለድ እንደ ሠርጉ መኪና የሚያብረቀርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 ቶዮታ ለመክሰር ጥቂት ነበር የቀረው። ሠራተኛ ቀንሶ፣ መሥራቹ ኪይቺሮ ቶዮዳም ከኃላፊነቱ ለቆ ነበር። በዚያው ዓመት የኮሪያ ጦርነት ተነሣ። ጂፕ የሚመስል መኪና ተፈላጊ ሆነ። አዲስ ሞተር ለመሥራት ጊዜም ገንዘብም የለም። እና ምን አደረጉ? የጭነት መኪና ሞተር ነበራቸው፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 3.4 ሊትር። እሱን አንሥተው ትንሽ መኪና ላይ ገጠሙት። በእጃቸው ካለው ነገር ነው የጀመሩት። እኔ ከዚህ መኪና ታሪክ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህችን ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1951 ኢቺሮ ታይራ የሚባል የሙከራ ሹፌር ያንን መኪና ይዞ የፉጂ ተራራን በመውጫው ላይ ካሉት ማረፊያዎች እስከ 6ኛው ጣቢያ ወጣ። እዚያ ከፍታ ድረስ መኪና ወጥቶ አያውቅም ነበር። የጃፓን ፖሊስ ይህን አይቶ መኪናውን መረጠ። ስሙ ያኔ «ቶዮታ ጂፕ» ነበር። ጂፕ የሚለው ስም ግን የአሜሪካኖች ነውና መቀየር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1954 ሃንጂ ኡሜሃራ የሚባሉት የድርጅቱ የቴክኒክ ኃላፊ «ላንድክሩዘር» አሉት። ከእንግሊዙ ላንድሮቨር በክብር የማያንስ ስም ፈልገው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው 40 ሲሪስ እስከ 1984 ድረስ ተመረተ። ላንድክሩዘር አውስትራሊያ ውስጥም በስኖዊ ተራሮች የግድብና የዋሻ ሥራ ላይ ገብቶ ስሙን ተከለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ 70 ሲሪስ መጣ። እኛ አገር «ሃርድቶፕ» የምንለው፣ ከኋላ በጎንና በጎን አግዳሚ ወንበር ያለው ረጅሙ መኪና የዚህ ቤተሰብ ነው። አርባ ዓመት አልፎት ዛሬም ይመረታል።

ሠርጉ ላይ ያየሁት ቪ8 እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው 200 ሲሪስ ነው። የ70 ሲሪስ ዘመድ ነው። ገላውን ብታነሡት ከሥሩ እንደ መሰላል የተሠራ ወፍራም ሻንሲ ታገኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 የተካው 300 ሲሪስ ግን ሞተሩ ቪ6 ነው፤ ባለ 8 ሳይሆን ባለ 6 ሲሊንደር። ስሙን ስትጠሩ ይህንን ልብ በሉ። መኪና የሚገዛ ሰው ቢያንስ ኮፈኑ ሥር ያለውን ሲሊንደር መቁጠር አለበት ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደምወደው ልግባ። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ 70 ሲሪስ ላይ የተገጠመ 1ኤችዜድ የሚባል የናፍታ ሞተር አለ። 4.2 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር፣ ጉልበቱ ወደ 130 ፈረስ። አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ቱርቦ የለውም። ኮምፒውተር የለውም። ለዚህ ሁሉ ስፋቱ ጉልበቱ ትንሽ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ነች፤ አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። የደብረ ታቦርን ዳገት ሲይዝ አይሱዙ ሳይቀር ሊያልፈው ይችላል። ሰዎች ለዚህ ይንቁታል። እኔ ግን ያልተጨነቀ ሞተር ዕድሜው ረጅም መሆኑን አይቻለሁ።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። መንገድ ላይ ናፍታ አለቀ እንበል። በጀሪካን አምጥታችሁ ሞላችሁ። አይነሣም። ለምን? ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል። የናፍታ ፊልትሮው አናት ላይ በመዳፍ የምትጫን ትንሽ ፓምፕ አለች። ማስተንፈሻዋን ቡሎን ትንሽ ታላላላችሁ። ፓምፗን ትጫናላችሁ፣ ትጫናላችሁ። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል። ፍሽ፣ ፍሽ ይላል። ቆይቶ አረፋው ይቀንሳል። ከዚያ የጠራ ናፍታ ብቻ ይፈሳል። ቡሎኗን ታጠብቃላችሁ። ታስነሣላችሁ። ይህን ለማድረግ አንድ ቁልፍና ሁለት እጅ ይበቃል። ይህንን የሠራው ኢንጂነር ጃፓን ተቀምጦ፣ በሌሊት ከወረታ ወዲህ በረሃብና በጭቃ የቆመ ሹፌር እንደሚኖር አስቧል። እኔ እንዲህ ነው የሚሰማኝ።

ፊት ጎማው መሐል ላይ ያለችውንም ክብ መዝጊያ እዩ። አሮጌዎቹ ሃርድቶፖች ላይ በእጅ የምትዞር ናት። በደረቅ መንገድ «ፍሪ» ላይ ትሆናለች፤ ጭቃ ሲመጣ ወርዳችሁ፣ አጎንብሳችሁ «ሎክ» ላይ ታዞሯታላችሁ። በግራም በቀኝም። ይህን ሳታደርጉ ውስጥ ተቀምጣችሁ የፎርዊሉን ማርሽ ብታስገቡ የፊት ጎማ አይጎትትም። ብዙ ሹፌር መውረዱን ይሰንፋል። እስከ አክስሉ ከሰመጠ በኋላ ግን ያቺ ክብ መዝጊያ ጭቃ ውስጥ ናት። በእጅ ቆፍሮ ፈልጎ ማዞር ነው። ስንት ልጅ እንዲህ ሲያለቅስ አይቻለሁ!

ፎገራን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ይወጣሉ፣ ጣናም ይነሣል፣ ሜዳው ባሕር ይሆናል። አንድ ሹፌር ነበሩን፣ ዕድሜያቸው ከእኔ በሃያ ዓመት የሚበልጥ። መሻገሪያ ሲደርሱ ሞተሩን ያጠፋሉ። ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ሱሪያቸውን ይሰበስባሉ፣ ዱላ ይዘው ውሃው ውስጥ ይገባሉ። ወዲያ ማዶ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። ከዚያ አጠገብ ከብት የሚጠብቀውን ልጅ «ትናንት እስከየት ነበር?» ብለው ይጠይቁታል። ውሃው ከጭናቸው ካለፈ ተመልሰን እናድራለን። ካላለፈ ደግሞ የራዲያተሩን ማራገቢያ ቺንጊያ ያወልቃሉ፤ ማራገቢያው ውሃ ሲመታ ተጣሞ ራዲያተሩን እንዳይበሳው ነው። በዝቅተኛው ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ሳይነኩ፣ አንድ ዓይነት ፍጥነት ይዘው ይሻገራሉ። ሞተር በአየር መሳቢያው ውሃ ከጠጣ አለቀለት። አየር ይታመቃል፤ ውሃ አይታመቅም። ፒስተኑን የያዘው ብረት ይጣመማል። እሳቸው ይህን በትምህርት ቤት አልተማሩትም። ግን አንድም ቀን ሞተር ውሃ አላጠጡም።

እኔ የተማርኩት ግን አጥፍቻለሁ። ይህንን ለወለድኳቸው ልጆች እንኳ አልነገርኩም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

በ1988 ዓ.ም. ክረምት ነው። አንድ ሃርድቶፕ በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ ውሃ ተሻግሮ ገባ። ዲፍረንሻል፣ የሞተሩን ጉልበት ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው አክስሉ ላይ ያለው ማርሽ፣ በጉዞ ይግላል። የጋለ ነገር ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል። የተሰበሰበው አየር በማስተንፈሻውና በዘይት ማገጃው ጎማ በኩል ውሃ ይስባል። ስለዚህ ጥልቅ ውሃ ከተሻገረ በኋላ ቡሎኑን ፈትቶ ዘይቱን ማየት ግዴታ ነው። የዚያን ዕለት ሦስት መኪና ተሰልፎ ይጠብቀኛል። መሽቷል። ዝናብ ነው። ካርዱ ላይ «ታይቷል» ብዬ ፈረምኩ። አላየሁም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያ መኪና ክትባት ጭኖ ወጣ። ሐሙሲትን አልፎ ከዋናው መንገድ እንደተገነጠለ የኋላ ዲፍረንሻሉ ጮኸ፣ ከዚያ ነከሰ። ጎማው አልዞር አለ። እኔ በሌላ መኪና ስደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ቡሎኑን ፈታሁት። ጥቁር መሆን የነበረበት ዘይት ማኪያቶ መስሎ ወረደ። ልክ ማኪያቶ። ውስጡ የኩሽኔታ ስብርባሪ ያብረቀርቃል። የክትባቱ ሳጥን በረዶ ቀልጦ ነበር፤ ክትባቱ ተጣለ። ሊከተቡበት በታሰበው ቦታ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከጠዋት ጀምረው ሲጠብቁ ዋሉ፣ ማታ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ማንም ፊርማዬን አልመረመረም። እኔ ግን እስከ ጡረታ ድረስ ሳላይ አልፈረምኩም።

እና ልጆቼ፣ ሰው ላንድክሩዘርን «የማይሰበር መኪና» ሲለው ደስ አይለኝም። ይሰበራል። እኔ የኖርኩት ሲሰበር ነው። የተወደደው ሲሰበር በቅርብ ባለ ሰው እጅ ስለሚነሣ ነው። ባሌስትራው ቢሰበር ወረታ ይቀየራል። የተሰበረው ባሌስትራ እንኳ አይጣልም። ባለ እጅ ቀጥቅጦ ማረሻ ያደርገዋል። በብዙ የፎገራ ማሳ ላይ የመኪና ብረት አርሷል።

ከእናንተ መሐል አሮጌ ሃርድቶፕ ወይም ፒክአፕ ለመግዛት ገንዘብ የምታጠራቅሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቀለሙን አትዩ። ካርቶን አንጥፋችሁ ከሥሩ ግቡ። ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ እየነካችሁ ሂዱ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ ዝገት የበላው ድምፁ ይታፈናል። የኋላው ጫፍ ላይ ረጋ በሉ፣ ጭቃ የሚተኛው እዚያ ነው። የፊት ጎማዎቹን ሎክ አድርጋችሁ ሜዳ ላይ ፈትኑ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሡት፤ ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ዘይት ማየቱን ደግሞ ከእኔ ታሪክ ሰምታችኋል።

መካኒክ ለመሆን የምታስቡ ካላችሁ ሌላ ነገር ልጨምር። ያለፈው ዘመን ብቻ ጥሩ ነበር የምል ሰው አይደለሁም። አዲሶቹ መኪናዎች በኮምፒውተር ነው የሚነበቡት፤ ኮምፒውተሩን ተማሩ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪና ይበዛል፤ ባትሪውንና ሞተሩን ተማሩ። የገቡት አሮጌዎች ደግሞ ለብዙ ዓመት ሰው ይፈልጋሉ። ነገር ግን ማሽኑ የነገራችሁን ቁጥር አንብባችሁ ብቻ ክፍል አትቀይሩ። ቁጥሩ «እዚህ አካባቢ ፈልግ» ነው የሚለው። ፈልጎ ማግኘት የእናንተ ሥራ ነው። ለማታውቁት ነገር «አላውቅም፣ ነገ ልንገርዎ» በሉ። ይህን ያለ መካኒክ ደንበኛ ሲያጣ አላየሁም።

ቪ8 መያዝ መመኘትም ነውር የለበትም። የምትመኙትን ነገር ግን ቀርባችሁ እወቁት። ፉጂን የወጣው መኪና የጭነት መኪና ሞተር የተሸከመ፣ ሸራ የለበሰ ነገር ነበር። በበሩ ላይ እግር ሰቅሎ ፎቶ የተነሣበት ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ትናንት አባይ ማዶ ያለ አንድ ጋራዥ ሻይ ልጠጣ ጎራ አልኩ። በእኔ ጊዜ የነበረ ዓይነት ሃርድቶፕ ክሪክ ላይ ቆሟል። ከደምቢያ ነው የመጣው፣ ውሃ ተሻግሮ። አንዲት ሃያ ዓመት የማይሞላት ተለማማጅ ከሥሩ ተኝታለች። የዲፍረንሻሉን ቡሎን ፈታች። ሳህኑን ከሥሩ አደረገች። የመጀመሪያውን ጠብታ በሌባ ጣቷና በአውራ ጣቷ መሐል አሸችው። ከዚያ ወደ ብርሃኑ ወጥታ ጣቷን አሳየችኝ።

«ጥቁር ነው ጋሼ፣ ውሃ የለውም» አለችኝ። ተመልሳ ገብታ ቡሎኑን አጠበቀችው።